የኡም ኮቡስ ባሩድ

የጆበርጉ ሰፈራችን ቤሪያ የፈረንጆቹን አዲስ ዓመት የሚቀበለው እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ሳይሆን ወራሪ እንደሚመክት ሠራዊት ነው። ርችቱ ከየበረንዳው ይተኮሳል፤ አሮጌ ቴሌቪዥንና ፍራሽ ከላይ ይወርዳል፤ አንዴ ሶፋ ከነተቀመጠበት ሰውዬ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ስምል ሚስቴ ብቻ ናት የማታምነኝ። ዛሬ ጠዋት ግን ሁሉም አልፎ፣ መንገዱ ላይ የጠርሙስ ስብርባሪና የተቃጠለ ወረቀት ብቻ ቀርቶ፣ በረንዳችን ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ሽታው አልሄደም ነበር።

«ባባ፣ ፕሊስ በሩን ዝጋው!» አለች ልጄ ኢክራም ከውስጥ። «ዮ! የተበላሸ እንቁላል ነው የሚሸተው። ዲስጋስቲንግ!»

እኔ ደግሞ ሽቶ መደብር እንደገባ ሙሽራ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ ውስጥ ሳብኩት። የባሩድ ሽታ ነው። ሰው የወጥ ሽታ ይናፍቃል፣ ዝናብ የነካው አፈር ይናፍቃል፤ እኔን ግን ባሩድ ሲሸተኝ አንድ ግቢ፣ አንድ ክረምትና አንድ ሽማግሌ ተያይዘው ይመጡብኛል።

ነገሩ የሆነው በኮሮናው ጊዜ ነው። ያኔ ወደ አርባው እየተጠጋሁ ነበር። ይህ ወጣትነት ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አዎ፣ ነው። ሚስቴና ልጄ ገና ቡታጅራ ነበሩ፤ እኔ በሁለት ድስትና በአንድ ብርድ ልብስ የምተዳደር ሰው ነበርኩ። ሌሊት ሳልተኛ ባድር ጠዋት ወገቤን አያመኝም ነበር። በዚያ ሰሞን ቢሮው ዝግ ስለነበር የስደተኛ ወረቀታችን ጊዜው ሲያልፍ መንግሥት በራሱ አፍ ያራዝምልን ነበር። የወጣትነቴን የሚያራዝምልኝ አጣሁ እንጂ።

ሸምሱ ከሚባል ያገሬ ልጅ ጋር ኮዝሞ ሲቲ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ስፓዛ፣ ማለትም የመንደር ችርቻሮ ሱቅ ነበረችን። ስፋቷን ለመግለጽ ያህል፣ ደንበኛ ሲያስነጥስ ከመደርደሪያው ላይ የሚወድቀውን ዕቃ እኔ ጓሮ ሆኜ እቀልብ ነበር። ማደሪያችን ግን ከሰፈሩ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት፣ ኡም ኮቡስ የሚባሉ ነጭ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ነበር። «ኡም» በእነሱ ቋንቋ፣ በአፍሪካንስ፣ አጎቴ ማለት ነው። እሳቸው በፊት ለፊቱ ትልቅ ቤት፣ እኛ በጓሮው ውጭ ክፍል። በእሳቸው ቋንቋ «ጀ» የምትባል ድምፅ ስለሌለች ጀማል የሚለውን ስሜን «ያማል» ነበር የሚሉኝ። ጠዋት ጠዋት በመስኮት «ያማል! ያማል!» እያሉ ሲጣሩ፣ ሸምሱ ከአልጋው ሳይነሳ «ሐኪም ጥሩላቸው» ይል ነበር።

ኡም ኮቡስ ዕድሜያቸውን በወርቅ ማዕድን ጉድጓድ፣ ከፈንጂ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። አሥሩም ጣቶቻቸው ነበሩ፤ በዚያ ሙያ ይህ እንደ ዲግሪ ይቆጠራል። ጡረታ ከወጡ በኋላ የቀራቸው ደስታ አንድ ነው፦ ከቅድመ አያታቸው የወረሱት፣ ባሩዱን በአፈሙዙ የሚያጎርሱት፣ እኔን በቁመት የሚበልጠኝ አሮጌ ጠመንጃ። በወር አንድ ቀን እንደሳቸው ያሉ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ዒላማ ይተኩሳሉ። ስለ መምታት ያን ያህል አይጨነቁም። ጭሱን፣ ሽታውንና ከዚያ በኋላ ያለውን ወሬ ነው የሚሄዱለት። ሎክዳውኑ፣ ከቤት አትውጡ የሚለው እገዳ፣ ሲመጣ ይሄ ሁሉ ተዘጋ። አገሩ በሙሉ የሽንት ቤት ወረቀት ሲያከማች፣ እሳቸው የሚጨነቁት የተኩስ ሜዳው ሲከፈት ባሩድ ይጠፋል ብለው ነበር።

ገደቡ ትንሽ ላላ ያለ ጊዜ «ያማል፣ ባኪህን አስነሳ» አሉኝና፣ በፒክአፕ መኪናዬ ወደ ጠመንጃ መሸጫው ሄድን። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ጀፕስታውን ያለው የጅምላ ገበያችን ሄጄ አንድ ጭነት ብርድ ልብስ ለመግዛት አንድ ብርጭቆ ሻይ የምጠጣበት ጊዜ ይበቃኛል። እዚያ ግን አንዲት የጥቁር አሸዋ ጠርሙስ ለመግዛት የገባንበት ጥያቄ ሚስት ለማግባትም አልቀረበልኝ። ሻጩ ከብረት ፍርግርግ ወዲያ ቆሞ ወረቀታቸውን አገላብጦ ካየ በኋላ፣

«የት ነው የምታስቀምጠው?» አለ።

«በሣጥኑ፣ ለብቻው ክፍል።»

«ማን አለ ቤት? የሚያጨስ አለ?»

«መንግሥት በሎክዳውኑ ሲጋራ ከልክሎ የሚያጨስ ከየት ይመጣል!»

ሰውዬው አልሳቀም። «እሳት የሚጭሩት ቆቦችስ?» አለ፣ ጠመንጃው ጀርባ ላይ የሚቀመጡትን ጥቃቅን የመዳብ ቆቦች ማለቱ ነው።

«በሌላ ቤት፣ በሌላ ቁልፍ» አሉ ኡም ኮቡስ። ሕጉ አንድ ሰው ቤቱ እንዲያኖር የሚፈቅደው ጥቂት ነው፤ እሳቸው ከተፈቀደውም ያነሰ ነበር የገዙት። ስንወጣ ጠየቅኳቸው፤ ከዚህ ሁሉ ጣጣ በኋላ ለምን አልጨመሩም? «የማትተኩሰውን ባሩድ መጠበቅ የሰው ላም ማገድ ነው» አሉኝ።

ጠርሙሱን ባመጡት የእንጨት ሳጥን ከትተው ከኋላ በገመድ አሰሩት፤ ቆቦቹን ከፊት እሳቸው ያዙ። ከዚያ ወደ ቤት ስንጓዝ፣ ሙሽራ የጫነ ሠርገኛም እንደዚያ አይንቀራፈፍም። ኤሊ አልፋን ሄዳለች። ከሩቅ አስፋልቱ ላይ ጉብታ ባዩ ቁጥር «ያማል! ቀስ!» ይላሉ፤ ከኋላችን ያለው ታክሲ ደግሞ ጥሩምባውን ነፍቶ እናቴን እያነሳ ያልፈናል። የዚያ ሰሞን ሣር ግራና ቀኝ እንደ አንበሳ ቆዳ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። ክረምት ስላችሁ ዝናብ እንዳይመስላችሁ፤ የጆበርግ ክረምት ደረቅ ብርድ ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ሰማዩ ግን ያጠቡት ብርጭቆ ይመስላል።

ግቢ ስንደርስ ዕቃውን ላግዝ ስል እጄን ያዙኝ።

«ይሄ ጃኬት ምንድን ነው?»

«የቻይና።»

«ናይሎን ነው። አውልቀው።»

«ኡም ኮቡስ፣ ብርዱ ይገድለኛል!»

«ብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚገድልህ። ይሄ ሲፋተግ የሚወጣው ፍንጣሪ ግን አያስጠነቅቅህም።»

ከቤት የሟች ሚስታቸውን ሐምራዊ የጥጥ ሹራብ አምጥተው አለበሱኝ። ሸምሱ በር ላይ ቆሞ በስልኩ ፎቶ አነሳኝ፤ ያ ፎቶ እስከ ደርባን ያለ የሐበሻ ሱቅ ሁሉ ዞሯል።

ባሩዱ የሚኖረው ከእሳቸውም ከእኛም ቤት ራቅ ባለ፣ ፀሐይ በማይመታው የጡብ ክፍል ነበር። ሣጥኑን በእጃቸው ነው የሠሩት፤ ወፍራም ሳንቃ፣ አንድ ምስማር የሌለበት፣ ማዕዘኑ በእንጨት ጥርስና በሙጫ የተያያዘ። ጠርሙሱ ከነስሙ ከነማስጠንቀቂያው ይገባል፤ ወደ ሌላ ዕቃ አይገለበጥም። ሸምሱ ጠየቃቸው።

«ለምን የብረት ካዝና አይሆንም? ሌባ አይሰብረውም።»

«ብረት ውስጥ አጥብቀህ ከዘጋኸው እሳት የነካው ቀን ቦምብ ሠራህ ማለት ነው። እንጨት ይለቀዋል። ባሩድ የሚያብደው ሲታፈን ነው።»

«ታዲያ እኛን ለምን በሎክዳውን አፈኑን?» አለ ሸምሱ፤ ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ።

እሑድ እሑድ ኬፕታውን የምትኖር ልጃቸው አነሊ ትደውላለች። ጆሯቸው ስለደከመ ስልኩን ከፍ አድርገው ስለሚያወሩ ቤተሰባዊ ምስጢራቸውን እኛም ወፎቹም እናውቀዋለን። «ፓ፣ ብቻህን ነህ፤ ዘመኑ ክፉ ነው፤ ባሩዱም ያስፈራኛል። አንድ ነገር ብሰማ፣ አንድ ነገር ብቻ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ቃል ገብተውላታል። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው፣ በእጃቸው የገነቡትን ግድግዳ እንደ ፈረስ አንገት እየዳበሱ «ከዚህ ቤት በእግሬ አልወጣም» ይሉ ነበር። ሚስታቸው ከዚያ ብዙ በማይርቅ መቃብር ነው ያሉት። እኔና ሸምሱም ፈርተን ነበር፤ ቤቱን ለመልቀቅ አይደለም፣ ውጭ ክፍል ሞልቷል። እንደሳቸው ያለ ሰው ግን በኪራይ አይገኝም። በሐላል ያረድነውን ሥጋ ዘልዝለው በኮምጣጤና በድንብላል እያሹ ቢልቶንግ ያደርቁልን ነበር። ቋንጣ ነው ብዬ ስከራከራቸው፣ ቋንጣ የሚባለው አገር ሰው ከእነሱ ሰርቆ ነው ይሉኛል።

እንግዲህ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረንዳውን ሞቅ አድርጋው፣ ሦስታችንም ተራርቀን ተቀምጠን ናርቺ የሚሉትን መንደሪን እየላጥን፣ ሽማግሌው ባሩድ ይመጥኑ ነበር። ተኳሾቹ ለአንድ ተኩስ የሚበቃውን አስቀድመው በትንንሽ ቱቦ ይከፍላሉ። ሜዳው በመስከረም ይከፈታል የሚል ወሬ ተሰምቶ ነበርና ደስታው አላስቀምጥ ብሏቸዋል። ግን እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ቱቦውም አለቀባቸው። ሸምሱ አላስችል አለው።

«አጎቴ፣ ይሄማ የእኛ ሥራ ነው!»

እውነቱን ነው። የስፓዛ ነጋዴ ዓለምን በትንሽ ላስቲክ ቋጥሮ የሚሸጥ ፍጡር ነው። ስኳር፣ ካሪ፣ ሳሙና፣ ጨው፤ ጨረቃም ብትወድቅልን በሁለት ራንድ ቋጠሮ እንሸጣት ነበር። ሸምሱ ከኪሱ ላስቲክ አወጣ፤ ሽማግሌው አንዴ ጠርሙሱን፣ አንዴ እኛን አዩ። ከዚያ መመጠኛዋን ሰጡት። ሸምሱ እየመጠነ እያንዳንዷን በአውራ ጣቱ ጠቅልሎ ቋጨት፣ ቋጨት! እኔ ወሬ እያወራሁ ነበር፤ ጅብ እንደነከሰኝና እንደነከስኩት። ሽማግሌው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሲያልቅ ጠርሙሱን ራሳቸው ሣጥኑ ውስጥ መልሰው፣ ቋጠሮዎቹን አንተ አስገብተህ ዝጋው ብለው ቁልፉን ለሸምሱ አቀበሉት።

እኔ ሱቅ ለመክፈት ሄድኩ። ሸምሱ ደግሞ ራሱን እንደ መዶሻ የሚመታ ራስ ምታት ያዘው። ትንሽ ጋደም ብዬ አስገባቸዋለሁ ብሎ ቋጠሮዎቹን ክፍላችን ውስጥ መደርደሪያው ላይ አኖራቸው፤ ከዚያ ጋደም እንዳለ ትኩሳቱ ይዞት ጠፋ። መደርደሪያው ላይ ሌላ ምን ነበር? ጥቁር አዝሙድ። በዚያ ሰሞን ጆበርግ ያለ የእኛ ነጋዴ ሁሉ ከኮሮናው የሚያድነው ጥቁር አዝሙድ በማር ነው ብሎ ስለነበር እኛም ቋጥረን እንሸጠው ነበር። በዚያው ላስቲክ፣ በዚያው የሸምሱ አውራ ጣት፣ በዚያው ልክ ቋጠሮ።

በሽታው እንዳይዘኝ ሱቅ ውስጥ ነበር የማድረው። ኡም ኮቡስ በየቀኑ የሸምሱ በር ላይ ሾርባ አስቀምጠው፣ አንኳኩተው፣ ሮጥ ብለው ይመለሳሉ። እኔም ዳቦና ማር አደርስለታለሁ። የሾርባው ሣህን ሳይነካ ሲመለስ ሽማግሌው ይቆጣሉ፤ እሱ ደግሞ በመስኮት «ሽታም ጣዕምም የለኝም፤ ውኃውና ዶሮው አንድ ሆነብኝ» ይላል። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሄጄ ከግቢው በር ስገባ በመስኮቱ ቆሞ አየሁት። ትንሽ አገግሞ ነበር። እጁን አወዛወዘልኝና ወደ ጋዙ ዞረ። መጥበሻውን ጥዶ አግሏል፤ አዝሙዱን አመስ አመስ አድርጎ በማር ሊውጥ ነው። ቋጠሮ ፈታ። ጤነኛ ሰው ቢሆን፣ አዝሙድ የመሰለው ነገር የእንቁላል ሽታ እንዳለው ገና ሲፈታው ያውቅ ነበር። አፍንጫው ግን እንደ ግድግዳ ሆኗል።

ልክ ሲገለብጠው ሳል መጣበት። ደንበኛ ፊት አትሳል ተብሎ ያደገ ነጋዴ ስለሆነ ፊቱን ወደ ክንዱ አዞረ። መስኮቱ ነጭ ሆነ። እንደ ጎማ ፈንድቶ ሳይሆን ትልቅ በሬ እንደተነፈሰ፣ ፉፍ! አለ፤ ከዚያ ጭስ። በዚያ ዘመን ሳል ሰው ሲገድል ነው የማውቀው፤ ሲያድን ያየሁት እዚያች ክፍል ብቻ ነው።

እኔ ማሩን ጥዬ ስሮጥ፣ ባሻገር ኡም ኮቡስ በባዶ እግራቸው ቀደሙኝ። የሰባ ምናምን ዓመት ሰው እንደዚያ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። አልጮሁም። ገቡ፣ ጋዙን ዘጉ፣ ሸምሱን በአንገቱ ይዘው ወደ ውጭ ገፉት፤ ቅንድቡና የጢሙ ግማሽ የለም፣ ሌላው ደህና ነው።

«ሌሎቹ የት ናቸው?» አሉት።

ሸምሱ በጣቱ አሳየ። ከጋዙ ሁለት ስንዝር የማይርቅ መደርደሪያ ላይ፣ የተቀሩት ተሰልፈው ተቀምጠዋል፤ የትኛው አዝሙድ፣ የትኛው ባሩድ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው አንድ በአንድ፣ እንቁላል እንደሚሰበስብ ሰው፣ አዝሙዱንም ባሩዱንም አንስተው ጓሮ ወስደው ባልዲ ውኃ ውስጥ ዘፈዘፏቸው። ሸምሱ «ይቅርታ አጎቴ፣ ይቅርታ» ይላል። እሳቸው ባልዲው አጠገብ ተንበርክከው ቀሩ።

ሰፈሩን የሚጠብቀው ድርጅት መኪና ጭሱን አይቶ ደረሰ፤ ደንባቸው ነውና ለቤተሰብ ደወሉ። አነሊ ልትደውል ነው። እኔ በዚያች ቅጽበት ጣራና መስኮት ያለው፣ ቀለም የተቀባ ውሸት ሠርቼ ጨርሻለሁ።

«ጋዙ ነው እንበላት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ዘይት ፈሰሰ፣ ድመት ገባች…»

«ያማል» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። «ባሩድ ቤቱ ያስገባ ሰው ስለ ባሩድ አይዋሽም። እኔ ጉድጓድ ውስጥ ያየሁት ሬሳ ሁሉ ከፊቱ አንድ ትንሽ ውሸት ነበረው።»

«አነሊ ትወስድዎታለች እኮ!»

«አውቃለሁ።»

ስልኩ ጮኸ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ከፍ አድርገው አወሩ፤ ቋንቋቸውን ጠንቅቄ ባላውቀውም ሁሉም ገባኝ። የሸምሱን ስም አልጠሩም። የአነሊ ድምፅ መጀመሪያ ጮኸ፣ ቀጥሎ ለቅሶ ሆነ፤ ክፉ ሴት አልነበረችም፣ የፈራች ልጅ ነበረች።

የጉዞ ገደቡ ሲነሳ መጣች። ኡም ኮቡስ የተረፈውን ጠርሙስ ለሸጠላቸው ሰው አስረክበው፣ ጠመንጃውን ለጓደኛቸው አደራ ሰጥተው ጨርሰዋል። በመጨረሻው ቀን በረንዳው ላይ ጠርተውኝ ተራርቀን ተቀመጥን። ሸምሱ አፍሮ ከክፍሉ አልወጣም።

«እሱን ንገረው» አሉኝ። «በላስቲክ መቋጠር እንደሌለበት አውቅ ነበር። የማዕድን ሰው ነኝ፣ እንዴት አላውቅም? ግን አንተ ስለዚያ ጅብ ታወራለህ፣ እሱ ይቋጥራል፣ ፀሐይዋም ነበረች። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እዚህ በረንዳ ላይ እንደዚያ አልተሳቀም። ተው ካልኩ ተነስታችሁ ትሄዳላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

እኔ፣ ለዝሆን ቀብር ቀልድ የማላጣ ሰው፣ ያን ቀን ውሸቴን ተናዘዝኩ። «ጅቡ እውነት አልነበረም» አልኳቸው።

«እሱንም አውቃለሁ» አሉ።

ከቤታቸው በእግራቸው ወጡ። መኪናው ኮረኮንቹን ይዞ ሲሄድ አቧራው ብቻ ቀረ፤ አቧራው ውስጥ እጃቸው በመስኮት ወጥቶ ታየኝ። ይሰናበቱን ይሁን ቀስ በይ ይሏት ይሁን አላውቅም።

በመስከረም ዝናብ ሲጀምር፣ ያ የባልዲው ውኃ የተደፋበት ቦታ ላይ ያለው ሣር ከሌላው በፊት ለመለመ። ፎቶ አንስተን ላክንላቸው። በድምፅ መልእክት መለሱ፦ «የራሰ ባሩድ ማዳበሪያ ነው። ሸምሱን ገበሬ አደረግሁት።» ከኋላ የባሕር ድምፅ ይሰማል። ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ተላላክን፤ ከዚያ አንድ እሑድ በእሳቸው ስልክ የመጣው የአነሊ ድምፅ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ወተት ልግዛ ብዬ ከቤት ወጣሁና ወተት የሚሸጠውን ሱቅ አልፌ፣ ሂልብሮውን አልፌ፣ እጄ መሪውን ራሱ እያዞረ ያ ኮረኮንች ላይ ደረስኩ። ኮረኮንቹ አስፋልት ሆኗል። ግቢው የለም፤ አንድ ዓይነት ጣራ ያላቸው ቤቶች በረጅም ግንብ ታጥረው ተኮልኩለዋል። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ መጣ።

«ሳውቦና፣ ማይ ፍሬንድ። የየትኛው ቤት እንግዳ ነህ?»

«የውጭ ክፍሉ» አልኩት።

«እዚህ ውጭ ክፍል የሚባል የለም።»

«ነበረ።»

ግንቡን አየ፣ እኔን አየ። «ከግንቡ በፊት?»

«በፊት።»

«ላስገባህ አልችልም» አለ፣ አዝኖልኝ ሳይሆን አይቀርም። «ቆሞ ማየት ግን አልተከለከለም።»

በዚህ ከተማ ስኖር ብዙ ሰው ፈርቶኛል፤ እኔም ብዙ ሰው ፈርቻለሁ። በመስኮት ፍርግርግ እየተያየን ነው የምንገበያየው። ለእኔ የፈራልኝ፣ እንዳልቃጠል ብሎ በዚያ ብርድ ጃኬቴን ያስወለቀኝ ባዕድ ግን አንድ ነው። ልጄ ስታድግ ስለ እሳቸው ስነግራት እንደ ጅቡ ወሬ እንዳትቆጥርብኝ እሰጋለሁ፤ የውሸታም ሰው ቅጣቱ ይሄ ነው።

ከመኪናው ወርጄ ግንቡን አየሁ። ከዚያ፣ የሚከለክለኝ ሰው ሳይኖር፣ በረንዳቸው ላይ ተራርቀን እንደምንቀመጠው፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ቆምኩ።